የቀኝ ጉንጭ ነገር

በያጅ ሁልጊዜ ፊቱን ይሸፍናል ብሎ የሚያስብ ሰው ብየዳ ቤት ገብቶ አያውቅም። እርግጥ ነው፣ ረጅሙን ብየዳ ሲበይድ ይሸፍናል። ማስኩን አጥልቆ፣ በጥቁሩ መስታወት እያየ፣ ቀስ እያለ ይሄዳል። ከዚያ በፊት ግን ነጥብ የሚሉት ነገር አለ። ሁለቱ ብረቶች እንዳይንሸራተቱ እዚህ ጋ አንድ፣ እዚያ ጋ አንድ እየተመቱ ለጊዜው ይያያዛሉ። ለአንዲት ብልጭታ ብሎ ማስክ ማውረድ፣ መልሶ ማንሳት፣ እንደገና ማውረድ የማን ትዕግሥት ይችለዋል? ስለዚህ የድሮ በያጆች ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግራ ያዞራሉ፣ በቀኝ እጃቸው ብረቱን በብየዳው ጫፍ ነካ አድርገው ጭር ያደርጉታል። አለቀ። ለነጥብ ማስክ የሚያወርድ በእነሱ ዘንድ ወይ ጀማሪ ነው ወይ ፈሪ ነው።

ልጅቷ ደግሞ ጀማሪም ፈሪም አልነበረችም። ትምህርቷን ስትጨርስ «ለጊዜው» ተብሎ አባቷ ብየዳ ቤት ገባች፤ ለጊዜው የተባለ ነገር ሁሉ እንደሚሆነው ሆነና እዚያው ቀረች። አባቷ መጀመሪያ ለቀልድ «አለቃ» ይላት ነበር። እያደር ቀልዱ ጠፋና አለቃ የሚለው ብቻ ቀረ። እሱ የማይደፍረውን ስስ ላሜራ ሳትበሳ የምትበይደው እሷ ናት። ደንበኛ መጥቶ «በያጁ የታለ?» ሲል አባቷ በአገጩ ወደ እሷ ይጠቁማል፤ ደንበኛው ደግሞ ከኋላዋ የቆመ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ይህቺን ነገር በጣም ትወዳታለች። ሥራውንም ትወደዋለች፣ በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

እንግዲህ ከዚህ ሥራ ሊያስወጣት የመጣው ብጉር ነው። አይገርምም? ብጉር!

ግንባሯ ላይ ጀመረ። ወደ ጉንጯ ወረደ፣ አገጯ ላይ ሰፈረ፣ እዚያም አልበቃው ብሎ አንገቷ ሥር አንድ ሁለት ተከለ። በአሥራ ሰባት ዓመቷ መጥቶ ቢሆን ማንም ጉዳዬ አይለውም ነበር። በሃያ አራት ዓመቷ መምጣቱ ነው ቤት ያወከው። በተለይ እናቷን።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የቤታቸው የፊት ክፍል የስፌት ቤቷ ነው፤ መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ይንጫጫል። ጨርቅ በጣቶቿ መሐል አሸት አድርጋ «ይሄ ከሁለት እጥበት በኋላ ይሸበሸባል» ካለች ይሸበሸባል፣ ክርክር የለም። ልጇ ይህችው አንዷ ናት። ለምን ሌላ አልደገምሽም ሲሏት «አንዷ ትበቃኛለች» ትላለች፤ ሰውም የስፌቱ ብዛት ነው ብሎ ይተዋታል።

«ጭሱ ነው» አለች እናት ብጉሩን ያየች ቀን። «ብረቱ ነው። ፊትም እኮ እንደ ጨርቅ ነው፣ አቧራ ላይ ከዋለ ያድፋል። ስንት ጊዜ ተናገርኩ! ማን ሰምቶኝ!»

እውነት ነው፣ ስንት ጊዜ ተናግራለች። ልጇ ብየዳ ቤት ከገባችበት ቀን ጀምሮ አንድ ቀን አፏን አላሳረፈችም። የእናት ታናሽ እህት መጋረጃ ትሸጣለች፤ ሁለተኛ ሱቅ ልትከፍት ቦታ ይዛለች፣ የምታምነው ሰው ትፈልጋለች። ንጹሕ ሥራ፣ ወንበር ያለው ሥራ፣ ጥፍር የማያጠቁር ሥራ። እናት ይህን ሁሉ ስትዘረዝር ልጅቷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ኖራለች። አሁን ግን እናት ማስረጃ አገኘች፤ ማስረጃውም የልጅቷ ፊት ላይ ተቀምጧል።

ብየዳ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሐኪም ሆነ። ከሁሉም የባሰው ሚኒስትሩ ነው። ሚኒስትሩ የተጠናቀቀውን በርና መስኮት ቀለም የሚቀባው ሰውዬ ነው፤ በነገሩ ሁሉ መግለጫ ካልሰጠ ስለማይሆንለት ነው ስሙን ያወጡለት።

«ሎሚ ቀቢበት» አላት ሰኞ። ማክሰኞ ደግሞ «ሎሚውን ተይው፣ የጥርስ ሳሙና ነው» አላት። ሐሙስ ላይ ብዙ አስቦበት መጣና «ባል አግቢ፣ ይጠፋል» አላት።

«አንተ አግብተህ ምንህ ጠፋ?» አለችው።

«እንቅልፌ» አለ ሚኒስትሩ።

በመጨረሻ እናትና ልጅ አብረው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያደረገ፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ሰው ነው። ፊቷን በመብራት አየና አንዲት ትንሽ ቱቦ ቅባት አዘዘላት። ሬቲኖይድ ይባላል፣ ከቫይታሚን ኤ ወገን ነው፣ የተዘጋውን ቀዳዳ ይከፍታል፣ ቆዳውን ቶሎ ቶሎ ያድሰዋል አላት።

«ማታ ማታ ነው። ፊትሽን ታጥበሽ፣ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቀሽ፣ አተር የምታህል ብቻ ለፊትሽ ሁሉ። ብጉሩ ላይ ብቻ ነጥብ ነጥብ እንዳታደርጊ። መጀመሪያ አካባቢ ቀን እያሳለፍሽ ተቀቢ። ይላጣል፣ ይደርቃል፣ ይባስ ብሎ ብጉሩ ሊጨምር ይችላል፤ እንዳትደነግጪ። ለውጡን የምታዪው ወደ ሦስት ወር ገደማ ነው። እርጉዝ ነሽ?»

እናት ከወንበሯ ብድግ አለችና መልሳ ተቀመጠች።

«አይደለሁም» አለች ልጅቷ።

«ጥሩ። ለእርጉዝ ስለማይሰጥ ነው የጠየቅኩሽ። ሌላው ፀሐይ ነው። ቆዳሽን ስለሚያሳሳው ፀሐይ ቶሎ ያቃጥልሻል። ቀን ቀን የፀሐይ መከላከያ ተቀቢ። ፀሐይ ላይ ትውያለሽ?»

«ኧረ እኔ! ጠዋት ጣሪያ ሥር እገባለሁ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እወጣለሁ።»

«በጣም ጥሩ።»

«ዶክተር፣ ብረት ቤት እኮ ነው የምትውለው» አለች እናት፣ ክስ እንደምታቀርብ ሁሉ።

«ብረት ብጉር አያመጣም እናቴ» አለ ሐኪሙ። ብረት የሚሸጥበት ሱቅ መስሎት ይሆናል። ቀጥሎ የሚገባውን ጠራ።

እናት ደረጃውን ሳይጨርሱ ቆመች። «እሺ፣ ሐኪም ተናግሯል፣ እሰማለሁ። አክስትሽ ሱቁን የምትከፍተው ከሦስት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ፊትሽ ከዳነ ብረቱ አይደለም ማለት ነው፤ ዳግመኛ ትንፍሽ አልልም። ካልዳነ ግን ብረቱ ነው፤ ያለ አንዳች ክርክር መጋረጃ ቤት ትገቢያለሽ። ተስማማን?»

ልጅቷ ቅባቱን አመነችና «ተስማማን» አለች። የፀሐይ መከላከያውን ግን፣ ጣሪያ ሥር ለምትውል ሰው ምን ያደርግላታል ብላ ሳትገዛው ቀረች።

መጀመሪያ የመጣው መከራ ነው። አፏ ዳርና አፍንጫዋ ሥር ተላጠ፤ ስትስቅ ፊቷ ይለበልባት ጀመር። ብጉሩም ሐኪሙ እንዳለው ጨመረ፣ ሐኪሙን ሊያስመሰግነው የፈለገ ይመስል። እሑድ እሑድ እናቷ አገጯን ይዛ ወደ ስፌት ቤቱ መስኮት ትወስዳታለች፤ ወደ ቀኝ ታዞራታለች፣ ወደ ግራ ታዞራታለች፣ «እምም» ትላለች። ከዚያች «እምም» ይልቅ ስድብ በተሻላት ነበር። ልጅቷ ሌሊቱን ሳይሆን ማለዳውን ነበር የምትፈራው፤ ከመስታወቱ ፊት ከመቆሟ በፊት በጣቷ ትዳብሳለች።

ግን ሁለተኛው ወር አጋማሽ ላይ ነገሩ ተለወጠ። የግንባሯ ጠፋ። የአገጯ መክሰም ጀመረ። አንድ እሑድ እናት «እምም»ን ረስታ ወደ መኪናዋ ተመለሰች፤ ልጅቷ በማግስቱ ብረት እያነሳች ስትዘፍን ሚኒስትሩ ጆሮውን ያዘ።

ከዚያ የትምህርት ቤቱ ሥራ መጣ። መስኮት፣ መስኮት፣ አሁንም መስኮት። ለእያንዳንዱ መስኮት የሚቆም ብረት፣ የሚጋደም ብረት፣ በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ነጥብ። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ዓይኗን እየጨፈነች ፊቷን እያዞረች ጭር፣ ጭር፣ ጭር ስታደርግ ዋለች። ማታ ቀኝ ጉንጯ ጋለ። በማግስቱ ቀላ፣ ከዚያ አበጠ፣ ከዚያ እንደ ሽንኩርት ተላጠ።

«ምንድነው ይሄ?» አለች እናት እሑድ።

«ቅባቱ ነው። ይላጣል ብሎ የለ?»

እናት ጉንጩን ትክ ብላ አየችው። «በዚህ በኩል ብቻ?» አለች። ከዚያ ግን ደንበኛ መጣና ተወችው።

ልጅቷ ራሷም አልገባትም ነበር። ቅባቱን ቀኝ ላይ አብዝቼ ይሆን ብላ ቀነሰች። ጨርሳም ለጥቂት ቀን አቆመችው። ጉንጩ ግን ይባስ ከፋ፤ ከቅላቱ ወደ ጥቁረት ተሻገረ፣ ከጉንጭ አጥንቷ እስከ ጆሮዋ ሥር ተዘረጋ። ግራው ደግሞ ጥርት ብሎ ድኗል። አንድ ፊት ላይ ሁለት ሰው!

የገባት አንድ ረፋድ ላይ ነው። የመስኮት ብረት በሁለት እጇ ደግፋ ይዛለች፤ አባቷ ነጥብ ሊመታ ጎንበስ አለ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ፊቱን ወደ ግራ አዞረ፣ ጭር አደረገው። እሷ ፊቷን ለማዞር ዘገየች። በዚያች ብልጭታ የአባቷን ቀኝ ጉንጭ አየችው።

አባቷ ቀኝ ጉንጩ ላይ ጥቁር ምልክት አለው፣ መዳፍ የሚያህል። አብሮት የተወለደ ነው። እንደዚያ ነው ሲባል የኖረው፤ እሷም ከልጅነቷ ጀምራ ስለምታየው ከአፍንጫው ለይታ አስባው አታውቅም። አሁን ግን ብርሃኑ ያረፈው ልክ ምልክቱ ላይ ነው። ከጉንጭ አጥንት እስከ ጆሮ ሥር።

ብረቱን ለቀቀችው። እግሯን ለጥቂት ነው የሳተው።

«አለቃ! ምን ሆነሻል?»

«አባ፣ ይሄ ምልክት አብሮህ አልተወለደም።»

አባቷ ዞር ብሎ ሚኒስትሩ የት እንዳለ አየ። ሚኒስትሩ ከበር ውጭ ለአንድ አላፊ አግዳሚ መግለጫ እየሰጠ ነው። አባቷ ወደ ብረት መደርደሪያው ጥግ ሳብ አደረጋት።

«ቀስ በይ እንጂ። ማን ነገረሽ?»

«ጉንጬ።»

ሰውየው የጠቆረውን ጉንጯን አየ፣ ፊቱ ላይ ድንጋጤ መጣ። ትንሽ ጊዜ ጓንቱን ሲያወልቅና ሲያጠልቅ ቆየና ነገራት። እናቷን ለጋብቻ ሊጠይቅ የሄደ ቀን አዲስ የቆዳ ጃኬቱን ለብሶ፣ ጥፍሩን በቤንዚን አጥቦ፣ ሽክ ብሎ ነበር የሄደው። የእናቷ እናት ሌላ ምንም ሳይሉት ጉንጩን አዩና «ይሄ ነገር ከሥራህ ነው?» አሉት። ፊት ለሚበላ ሥራ ልጃቸውን እንደማይሰጡ ገባው።

«አይ፣ አብሮኝ የተወለደ ነው አልኳቸው። በቃ፣ አንዴ ወጣ። ከዚያ እንዴት ብዬ ልመልሰው? እናትሽ እንዳትሰማ!»

«አሁን እኔ ምን ልበላት?»

«በዚያ ጎን እየተኛሁ ነው በያት።»

ልጅቷ በማግስቱ ብቻዋን ሐኪሙ ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ የብየዳ ብርሃን የሚለውን ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ። «እሱም እኮ ልክ እንደ ፀሐይ ያቃጥላል! ቆዳሽ በሳሳበት ሰዓት! ጠይቄሽ አልነበረም?»

«ፀሐይ ብለው ነው የጠየቁኝ።»

ሐኪሙ መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። ቁስሉ እስኪሽር ቅባቱን እንድትተው፣ ከዚያ ቀስ ብላ እንድትጀምር፣ ለአንዲትም ነጥብ ፊቷን እንዳትገልጥ አዘዛት። ጥቁረቱ ይለቃል፣ ግን ወራት ይፈልጋል አላት። እሷ ደግሞ ወራት አልነበራትም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ነጥብ ማስኳን አወረደች። ማውረድ፣ መምታት፣ ማንሳት። ሥራው ተጓተተ። ሚኒስትሩ «ምነው አለቃ፣ ዛሬ ነው እንዴ የተቀጠርሽው?» እያለ ሳቀባት። አባቷ አልሳቀም። ግን እሱ ራሱ እንደ ድሮው ዓይኑን ጨፍኖ ይመታ ነበር። ስንት ዓመት የተለመደ ነገር እንዲህ በቀላሉ ይተዋል?

ሦስቱ ወር አለቀ። አክስት ለእናት የአዲሱን ሱቅ ቁልፍ ሰጥታ ሄዳለች፤ ቁልፉ ስፌት ቤት፣ የማስመሪያው ጠመኔና መቀሱ አጠገብ ተቀምጧል። እሑድ ረፋድ ነው። አባት ጥግ ካለው ወንበር ላይ ሻይ ይዞ ተቀምጧል፤ ሻዩ ቀዝቅዟል።

እናት አገጯን ያዘቻት። መጀመሪያ ግራውን አየች። አውራ ጣቷን ከግንባሯ እስከ አገጯ አሳለፈችበት፣ ጨርቅ እንደምትመረምር።

«ይሄ ድኗል» አለች። ጥሩ ጨርቅን መጥፎ ነው የማትል ሴት ናት።

ልጅቷ የውሸቷን ዓረፍተ ነገር አዘጋጅታ አፏ ውስጥ ይዛዋለች። በዚህ ጎን ስለምተኛ ነው። በዚህ ጎን ስለምተኛ ነው።

እናት አዞረቻት። ቀኝ ጉንጯን አየች። ከዚያ ዓይኗ ከልጅቷ ጉንጭ ተነስቶ ጥግ ወደተቀመጠው ባሏ ጉንጭ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ። እጇ አገጯን ለቀቀው። የስፌት ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ወጣብሽ» አለች።

«ምኑ?»

«የአባትሽ ምልክት ነዋ። ምኑ ትለኛለች እንዴ! ቦታው እንኳ አልሳተም።» እናት ቀሚሷ ላይ የተጣበቀ ክር ለቀመች። «ስትወለጂ ገና ሳትታጠቢ ፊትሽን አገላብጬ ያየሁት እኮ ለዚህ ነው። አዋላጇ ምን ጠፋሽ ስትለኝ አፈርኩ። አልነበረም። ተረፈችልኝ አልኩ። ለካ ጊዜውን እየጠበቀ ነው! እኔ ደግሞ ሥራሽን ስረግም እኖራለሁ። ብረቱ ምን አደረገ?»

አባት ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጠው። ሆነላት ማለት ነው። አንድ ቃል እንኳ ሳትዋሽ፣ እናቷ ራሷ ውሸቱን አምጥታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

«እንግዲህ ሱቅም ግቢ ብረትም ሥሪ፣ ይሄ እንደሆነ በደም የመጣ ነው» አለች እናት። «እዚያው ደስ የሚልሽን ሥሪ። አልከለክልሽም።»

ልጅቷ ደስ አላት። እውነት ለመናገር በጣም ደስ አላት። ዝም ማለት ብቻ ነበረባት።

እናት ግን አልጨረሰችም። «ከአንቺ በኋላ ልጅ እንዳይደገም ያልኩት ለዚህ ነበር። ስፌት በዝቶብኝ ነው የሚሉት ይበሉ። አንዷን ዘሎልኛል፣ ሁለተኛ ዕድሌን አልሞክርም ብዬ ነው። አባትሽ ልጅ እንደሚወድ እያወቅኩ።» ጎንበስ ብላ የልጇን እጅ ያዘች። «እኔ ነኝ እኮ ያመጣሁብሽ። አይቼ፣ አውቄ፣ ወድጄ ነው ያገባሁት። አንቺ ምን አጠፋሽ? ይቅር በይኝ፣ ልጄ። አንቺም ስታገቢ እንዳትደብቂው። ልጅ ላይ ይመጣል ብለሽ ንገሪው።»

አባት ከወንበሩ ላይ ብድግ ሊል ሞከረና አልቻለም። ሁለተኛ ልጅ ያላገኘበትን ምክንያት ሲሰማ ገና ዛሬ ነው።

ልጅቷ የእናቷን ጭንቅላት ከላይ ሆና አየችው። ከሽበቱ መሐል አንዲት ሰማያዊ ክር ተሰክታለች። ይቺ ሴት ሌላ ሰው በሠራው ይቅርታ እየጠየቀች ነው፤ ይቅርታውን ደግሞ የሚቀበለው የራሷ ልጅ ዝምታ ነው። አልቻለችም። ሥራዋ ዓይኗ ላይ እየታያት አልቻለችም።

«እማ፣ የደም አይደለም። ብረቱ ነው።»

«ምን?»

«ብርሃኑ ነው። ነጥብ ስንመታ ማስክ አናወርድም። ዓይናችንን እንጨፍንና ፊታችንን እናዞራለን። ቅባቱ ቆዳዬን አሳስቶት ስለነበር እኔን ቶሎ አቃጠለኝ። አባን ቀስ ብሎ ነው። አብሮት አልተወለደም።»

እናት ቀና አለች። መጀመሪያ ልጇን አየች፣ ቀጥላ ባሏን።

«ተነስና አሳየኝ» አለችው።

«ምኑን?»

«እንዴት እንደምትመታ!»

ሰውየው ተነሳ። በገዛ ቤቱ፣ በስፌት መኪናውና በመስታወቱ መሐል፣ ባዶ ቀኝ እጁን ዘረጋ። ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱን ወደ ግራ አዞረ። ጉንጩ፣ ያ ጥቁሩ ጉንጩ፣ ፊት ለፊቷ መጣ፤ እንድታየው ተብሎ የተሰጣት ይመስል። እናት ምልክቱን በጣቷ ነካችው። ዳሩን ተከትላ እስከ ጆሮው ሥር ሄደች።

«እናትሽ ጠየቁኝ» አለ ሰውየው። ዓይኑን አልገለጠም። «ከሥራው ነው ብላቸው አይሰጡኝም ነበር።»

«እኔ ግን ጠይቄህ ነበር?»

ሰውየው የዘረጋውን እጁን አወረደ።

«እኔን ብትነግረኝ ኖሮ ምን የምልህ መስሎህ ነው? ማስክህን አውርድ ነበር የምልህ! በቃ፣ ይችን ብቻ! ማስክህን አውርድ!» መቀሱን ከፊቷ ገፋችው። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ልጅ ፈራሁብህ።»

እናት ቁም ሳጥኑን ከፍታ ከታች አንድ ነገር ጎትታ አወጣች፤ ሁለቱንም ከስፌት ቤቷ አስወጥታ በሩን ዘጋችው። ያን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ መኪናው ሲንጫጫ ዋለ። ሁለት ጊዜ መርፌ ሲሰበር ተሰማ፣ ከመርፌውም ጋር የማይጻፍ ቃል።

ባልና ሚስቱ አልተነጋገሩም። እሑድም ሰኞም። ልጅቷ ሰኞ ጠዋት ብየዳ ቤት የሄደችው ዕቃዋን ልትሰበስብ መስሏት ነው። ውል ውል ነው፤ ብረቱ ነው ብላ በራሷ አፍ ፈርዳለች። ጓንቷን አጣጥፋ፣ የግል መዶሻዋን ጠርጋ ማስቀመጥ ስትጀምር ሚኒስትሩ እንኳ የቀለም ብሩሹን አስቀመጠ።

ረፋድ ላይ እናት በበሩ ገባች። ወደዚህ ቤት ስትገባ ያየ ሰው የለም፤ ሁልጊዜ ከመንገድ ማዶ ሆና ነበር የምትጣራው። በክንዷ ላይ ሁለት የተሰፋ ቆዳ አንጠልጥላለች። ልጅቷ ቆዳውን አወቀችው፣ አባቷም አወቀው። ያ የቆዳ ጃኬት ነው፣ ሊጠይቃት የመጣ ቀን የለበሰው፣ ተቀዶ።

እናት የልጅቷን ማስክ አነሳችና ቆዳውን ከታች በኩል በጃኬቱ ቁልፎች አያያዘችው፤ አንገትንና ጆሮ ሥርን ይሸፍናል። ልክ ነው፣ አንዲት ጣት እንኳ አልሳተችም።

«ሱቁ ሰው አግኝቷል» አለቻት።

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። እኔ ለአክስትሽ አፈላልጌ ሰጠኋት። ምን አፍጥጠሽ ታይኛለሽ? ሥራሽን ሥሪ።»

ልጅቷ ዕንባዋ መጣ፤ ጓንቷን ለማጥለቅ ብላ ጎንበስ አለች።

እናት የባሏን ማስክ አነሳች። ሁለተኛውን ቆዳ አያያዘችበት። ባሏ ፊት ቆመች። አንድ ቃል ሳትናገረው ማስኩን ጭንቅላቱ ላይ አደረገችና በገዛ እጇ አወረደችው፣ እስከ ደረቱ። ጉንጩ ጠፋ።

ሰውየው የብየዳውን መያዣ አነሳ። ጎንበስ አለ። በዚያ ጥቁር መስታወት ምንም አይታየውም፤ እንዲህ አድርጎ ነጥብ መትቶ አያውቅም። ጭር አደረገው። ከመገናኛው አንድ ጣት ርቆ፣ ባዶ ብረት ላይ አረፈ። ሚኒስትሩ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሰውየው ማስኩን ሳያነሳ፣ መያዣውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ቀረ።

እናት አጠገቡ ቆማ ጠበቀች። ከእሑድ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏን ተናገረችው።

«ድገመው» አለችው።